ከአቃቂ እስከ 127.0.0.1፦ ለጀማሪ የሚሆነው ሰርቨር የትኛው ነው?

አቃቂ ቃሊቲ ናችሁ እንበል። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ መብራት አለ፣ ላፕቶፑም ይሠራል። የገዛችሁት የኢንተርኔት ጥቅል ግን ትናንት ማታ አልቋል። በዚህ ሳምንት ድረ-ገጽ መሥራት መማር ጀምራችኋል፤ የመጀመሪያዋን ገጽ ጽፋችሁ ጨርሳችኋል። አሁን እንደ እውነተኛ ድረ-ገጽ በብሮውዘር ተከፍታ ልታዩዋት ፈለጋችሁ። ያለ ኢንተርኔት ይቻላል?

በደንብ ይቻላል! የሚያስፈልጋችሁ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሰርቨር ብቻ ነው። ግራ መጋባቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንዱ ጓደኛችሁ «ዛምፕ ጫን» ይላል። ሌላው «ኧረ ፓይተን ይበቃል» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ዘመኑ የኖድ ነው» ብሎ ይከራከራል። የማንን ትሰማላችሁ?

እኛ ጥያቄውን በታሪክ ልንመልሰው ነው። ሰርቨሮች በምን ቅደም ተከተል እንደመጡ ያየ ሰው፣ የትኛውን አስቀድሞ መማር እንዳለበት በራሱ ይገባዋል። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስተናጋጁ ማን ነው?

«ሰርቨር» የሚለው ቃል ትርጉሙ አስተናጋጅ ነው። ሻይ ቤት ገብታችሁ «አንድ ማኪያቶ» ስትሉ አስተናጋጁ ትእዛዙን ይሰማል፣ ይሄዳል፣ ያመጣል። ድረ-ገጽም እንዲሁ ነው። ደንበኛው ብሮውዘሩ ነው፤ «ይህን ገጽ አምጣልኝ» ይላል። ሰርቨሩ ፋይሉን ይፈልግና ያቀርባል። ካላገኘው ደግሞ «የለም» ይላል፤ ሁላችንም የምናውቀው 404 የሚባለው መልስ ይሄ ነው።

ብዙ ሰው ሰርቨር ሲባል በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የተደረደሩ ትልልቅ ማሽኖች ይታዩታል። ነገር ግን ሰርቨር በመጀመሪያ ደረጃ ፕሮግራም ነው። ያ ፕሮግራም ላፕቶፓችሁ ላይ ሲከፈት ላፕቶፓችሁ ሰርቨር ይሆናል። አስተናጋጁም ደንበኛውም እዚያው አንድ ማሽን ውስጥ ተቀመጡ ማለት ነው።

አድራሻውስ? 127.0.0.1 ነው። በ127 የሚጀምሩ አድራሻዎች ከ16 ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ ሁሉም የተያዙት ለአንድ ትርጉም ነው፦ «እኔው ራሴ»። ወደዚያ የተላከ ጥያቄ ከኮምፒውተሩ አይወጣም። ስለዚህ የዳታ ጥቅል አይቆጥርም፤ ካርድም አይበላም።

አቃቂ ለዓለም የተናገረችበት ጊዜ

መልእክት የሚያስተላልፍ ማሽን በራስ እጅ መኖሩ ለአቃቂ አዲስ ነገር አይደለም። በ1930ዎቹ የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም ጋር የሚገናኝበትን የሬዲዮ ጣቢያ ያስገነባው አቃቂ ነበር። የሠራው አንሳልዶ የተባለ የጣልያን ኩባንያ ነው፤ ግንባታው ያለቀው 1935 ላይ ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር 1928 ዓ.ም. በባተ ሰሞን፣ የጣልያን ጦር ወረራውን ሊጀምር ሳምንታት ሲቀሩት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሬዲዮ ለዓለም ንግግር አሰሙ። ሊወር በተዘጋጀው አገር ኩባንያ የተሠራ ጣቢያ የተወራሪውን አገር አቤቱታ አስተላለፈ!

በሬዲዮ ጣቢያና በሰርቨር መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ሬዲዮ ማንም ሳይጠይቀው ለሁሉም ይናገራል። ሰርቨር ግን እስኪጠየቅ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ሲጠየቅም የሚመልሰው ለጠየቀው ብቻ ነው። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ግን አንድ ቁም ነገር አለ፦ ማሽኑ ያለው ሰው የሌላውን ፈቃድ ሳይጠብቅ ሥራውን መጀመር ይችላል።

«ይህን ማሽን አታጥፉ»

አሁን ወደ ስዊዘርላንድ እንሂድ፤ የመጀመሪያው የድር ሰርቨር የተወለደው እዚያ ነው። 1989 ላይ ሰርን በተባለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል የሚሠራው ቲም በርነርስ-ሊ አንድ ሐሳብ አቀረበ። የማዕከሉ መረጃ በተለያዩ ኮምፒውተሮች ተበታትኖ ነበር፤ ሁሉንም በአንድ መንገድ ማግኘት ቢቻልስ? 1990 ሲያልቅ የዓለማችን የመጀመሪያው የድር ሰርቨር ሥራ ጀምሮ ነበር።

ይህ ሰርቨር ምን ይመስል ነበር መሰላችሁ? ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ አንድ ኔክስት የሚባል ኮምፒውተር ነው። ሳጥኑ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ማሽኑ ሰርቨር ስለሆነ እንዳያጠፉት ያስጠነቅቃል። አንድ ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ ቢያጠፋው በዚያን ጊዜ የነበረው ድር በሙሉ ይጠፋ ነበር!

ንግግሩም ቀላል ነበር። ብሮውዘሩ አንድ መስመር ይልካል፤ በአማርኛ «ስጠኝ» እንደማለት ያለ ቃል፣ ቀጥሎ የገጹ ስም። ሰርቨሩ ገጹን ሰጥቶ መስመሩን ይዘጋል። አለቀ። 200 እና 404 የመሳሰሉት የመልስ ቁጥሮች እንኳ የመጡት በኋላ ነው።

አስተናጋጁ ወጥ ቤት ሲከፍት

1993 ላይ ሰርን የድርን ሶፍትዌር ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። በዚያው ጊዜ በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የሱፐርኮምፒውተር ማዕከል ሮብ መኩል የተባለ ወጣት አንድ ሰርቨር ጻፈ፤ ብዙዎችም ተጠቀሙበት። እሱ 1994 ላይ ከማዕከሉ ሲወጣ ሰርቨሩ ያለ ባለቤት ቀረ። በየቦታው ያሉ ተጠቃሚዎች ስህተቱን እየጠገኑ፣ ጥገናቸውን በኢሜይል እየተለዋወጡ አቆዩት። በመጨረሻ ጥቂቶቹ ተሰባስበው 1995 ላይ «አፓቼ» ብለው አወጡት። በሚቀጥለው ዓመት አፓቼ በዓለም በብዛት የሚሠራበት ሰርቨር ሆነ።

በዚሁ ሰሞን ድሩ ራሱ ተለወጠ። እስከዚያ ሰርቨሩ የሚያቀርበው አስቀድሞ ተጋግሮ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ዳቦ ነበር፤ ማንም ቢጠይቅ ያው ዳቦ ነው። አሁን ሰዎች በትእዛዝ የሚሠራ ምግብ ፈለጉ፦ ስም ሲያስገቡ በስማቸው ሰላም የሚላቸው፣ ሲፈልጉ ፈልጎ የሚያመጣ ገጽ። ለዚህ ወጥ ቤት ያስፈልጋል። ራስመስ ለርዶርፍ የጀመረው ፒኤችፒ ወጥ ቤቱ ሆነ፤ 1995 ላይ የወጣው ማይኤስኪውኤል ደግሞ ዕቃው የሚቀመጥበት ጓዳ።

አስተናጋጅ፣ ወጥ ቤት፣ ጓዳ። ሦስቱን ለየብቻ ጭኖ ማስማማት ለጀማሪ ራስ ምታት ነበር። 2002 ላይ «ዛምፕ» የመጣው ለዚህ ነው፦ አፓቼን፣ ፒኤችፒንና የመረጃ ቋቱን በአንድ ጥቅል አድርጎ በአንድ ጊዜ የሚጭን። ብዙ የፒኤችፒ ተማሪ የመጀመሪያ ሥራውን ያየው በዛምፕ ነው።

ቅደም ተከተሉን ልብ አላችሁ? መጀመሪያ አስተናጋጁ ብቻ ነበር፤ ወጥ ቤቱና ጓዳው የመጡት ሲያስፈልጉ ነው። ዛምፕን በመጀመሪያው ቀን የሚጭን ጀማሪ ግን ሦስቱንም በአንድ ቀን ይረከባል። አንዱ ሲበላሽ የትኛው እንደተበላሸ አያውቅም።

ፊደላችን በሰርቨር በኩል ያለፈበት መንገድ

በእኛ አገርስ? በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ባለው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የተባለ ክፍል የኢሜይል አገልግሎት ይሰጥ ነበር። ዛሬ እንደምናውቀው ወዲያው የሚደርስ አልነበረም። ደብዳቤዎቹ ኮምፒውተር ላይ ይጠራቀሙና፣ በስልክ መስመር ተደውሎ በአንድ ላይ ይላካሉ፤ የመጣውም በዚያው ይወሰዳል። ሙሉ የኢንተርኔት አገልግሎት በቴሌ በኩል የተጀመረው በጥር 1997፣ ማለትም በ1989 ዓ.ም. ነው።

ያኔ ግን ሌላ ችግር ነበር፦ ኮምፒውተሮች ፊደላችንን በአንድ መንገድ አያውቁትም። የአማርኛ ሶፍትዌር የሠራ ሁሉ ለፊደላቱ የራሱን ቁጥር ሰጠ። በአንዱ ፎንት «ሀ» የሆነው ቁጥር በሌላው ሌላ ነገር ነው። በፓወር ግዕዝ የተጻፈን ገጽ ያ ፎንት የሌለው ሰው ሲከፍተው የሚያየው ትርጉም የሌለው ምልክት ነው።

መፍትሔ ከፈለጉት መካከል ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ይገኙበታል። «ሴራ» የተባለ ሥርዓት አዘጋጁ፤ እያንዳንዱን ፊደል በላቲን ፊደላት የሚወክል ነው። የትኛውም ኮምፒውተር የላቲን ፊደል ስለሚያውቅ በሴራ የተጻፈ ጽሑፍ የትም ሳይበላሽ ይደርሳል። ዳንኤል ቀጥሎ «ላይቭግዕዝ» የተባለ ሶፍትዌር ሠራ። ይህ የሚሠራው ሰርቨሩ ላይ ነው፦ በሴራ የተጻፈውን ገጽ ይወስድና፣ አንባቢው ኮምፒውተሩ ላይ ላለው ፎንት በሚስማማ መንገድ ወደ ፊደል ለውጦ ያቀርብለታል። እንደ ምሳሌያችን ከሆነ፣ የመጣውን ደንበኛ ቋንቋ ጠይቆ በዚያ የሚያናግር አስተናጋጅ ማለት ነው።

ይህን አስቡት እስቲ። የሰርቨርን አሠራር ከውስጥ የሚያውቁ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ፣ በዚያ ዘመን አማርኛን ለሁሉም አንባቢ በድር ማቅረብ በጣም ከባድ ይሆን ነበር። ዘላቂው መፍትሔ የመጣው በ1999 ዩኒኮድ በ3.0 እትሙ የኢትዮጵያን ፊደል ሲያካትት ነው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል በዓለም ሁሉ አንድ ቁጥር አለው።

225፣ 225፣ 225

«ታዲያ ችግሩ አልፏል» ትሉ ይሆናል። በአብዛኛው አዎ። ግን የመጀመሪያ ገጻችሁን በአማርኛ ከጻፋችሁ ሊያጋጥማችሁ ይችላል።

ዛሬ ጽሑፍ በብዛት የሚላከው ዩቲኤፍ-8 በሚባል ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ፣ አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ሰላም» ሦስት ፊደል ነው፤ ስለዚህ 9 ባይት። ባይቶቹ እነዚህ ናቸው፦

ሰ — 225፣ 136፣ 176
ላ — 225፣ 136፣ 139
ም — 225፣ 136፣ 157

ሁሉም በ225 እንደሚጀምሩ አያችሁ? ብሮውዘሩ ጽሑፉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ካልተነገረው እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ የምዕራብ አውሮፓ ፊደል ሊያነበው ይችላል። በዚያ አቆጣጠር 225 በላይዋ ላይ ጭረት ያለባት ትንሿ የላቲን «ኤ» ናት። ስለዚህ የአማርኛ ገጽ ከፍታችሁ ጭረት ያለባት «ኤ» ደጋግማ ከመጣች አትደንግጡ። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ብሮውዘሩ የአጻጻፉ ዘዴ ስላልተነገረው ነው።

የሚነግረው ማን ነው? ወይ ሰርቨሩ፣ ወይ ገጹ ራሱ። ቀላል ሰርቨሮች ብዙ ጊዜ ይህን አይናገሩም። ስለዚህ በገጻችሁ ራስጌ ላይ ዘዴው ዩቲኤፍ-8 መሆኑን የሚገልጸውን አንድ መስመር ጻፉ። ቦታው ከላይ ይሁን፤ ደንቡ በፋይሉ የመጀመሪያዎቹ 1024 ባይቶች ውስጥ እንዲገኝ ያዛል።

እሺ፣ የቱን እንምረጥ?

«ፋይሉን ሁለቴ ክሊክ አድርጌ ብከፍተውስ?» የሚል ይኖራል። ለአንድ ገጽ ይሠራል። ነገር ግን ገጹ ሌላ ፋይል በጃቫስክሪፕት ልጥራ ሲል ብሮውዘሩ ለደኅንነት ሲል ይከለክለዋል። አስተናጋጅ በሌለበት ደንበኛው ራሱ ወጥ ቤት ልግባ እንደማለት ነው።

ስለዚህ የእኛ ምክር የታሪኩን ቅደም ተከተል መከተል ነው።

አንደኛ፣ ገጾቻችሁ የተጋገረ ዳቦ እስከሆኑ ድረስ የፓይተን ሰርቨር ይበቃል። ከፓይተን ጋር አብሮ ስለሚመጣ ለብቻው የሚጫን ነገር የለም። ብዙ የሊኑክስ ኮምፒውተሮች ላይ ፓይተን ቀድሞውኑ አለ፤ ዊንዶውስ ከሆነ አንድ ጊዜ መጫን ነው። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ገጻችሁ ባለበት ፎልደር ላይ ትከፍታላችሁና አንዲት አጭር መስመር ትጽፋላችሁ፤ ጮክ ብለን ስናነባት «ፓይተን፣ ሰረዝ ኤም፣ ኤችቲቲፒ ነጥብ ሰርቨር» ናት። ከዚያ በብሮውዘሩ 127.0.0.1:8000 ብላችሁ ትገባላችሁ። 8000 «ፖርት» ይባላል፤ አድራሻው ሕንፃው ቢሆን ፖርቱ የበሩ ቁጥር ነው።

ይህን የመረጥነው ቀላል ስለሆነ ብቻ አይደለም። ጥቁሩን መስኮት እዩት፦ ብሮውዘሩ የጠየቀውን እያንዳንዱን ፋይል፣ ሰዓቱን፣ የተሰጠውን መልስ በየመስመሩ ይጽፋል። 200 ከሆነ ተገኝቷል፣ 404 ከሆነ የለም። 1990 ላይ በሰርን የነበረው ያ «ስጠኝ» የሚለው ቃል ዛሬም እዚያ መስመር ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ደንበኛውና አስተናጋጁ ሲነጋገሩ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ለሚማር ሰው ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም።

ሁለተኛ፣ ፒኤችፒ መማር ስትጀምሩ ወጥ ቤት ያስፈልጋችኋል። ፒኤችፒ ከ2012 ወዲህ (ከ5.4 እትሙ ጀምሮ) የራሱ ትንሽ ሰርቨር ስላለው ለሙከራ እሱም ይበቃል። የመረጃ ቋት ሲጨመር ግን ዛምፕ ቦታው ነው። የማውረጃው ፋይል ከ100 ሜጋባይት በላይ ስለሆነ ከመግዛት ይልቅ ከጓደኛ በፍላሽ መቀበል ይሻላል። አፓቼ አልነሣም ካለ መጀመሪያ የበሩን ቁጥር ጠርጥሩ። ዛምፕ የሚጠቀመው የድርን የተለመደ በር 80ን ነው፤ ሌላ ፕሮግራም ቀድሞ ከያዘው አይከፈትም። በአንድ ወቅት ስካይፕ ይህን በር እየያዘ ስንቱን ጀማሪ አስለቅሷል!

ሦስተኛ፣ ጃቫስክሪፕትን በደንብ ስትለምዱ ከ2009 ጀምሮ ያለው ኖድ አለ፤ በዚያ ሰርቨሩን ራሳችሁ ትጽፉታላችሁ። ያ ጓደኛችሁ አልተሳሳተም፤ ተራው አልደረሰም እንጂ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የፓይተኑ ሰርቨር የተሠራው ለመማሪያና ለሙከራ ነው፤ አዘጋጆቹ ራሳቸው ለእውነተኛ አገልግሎት አትጠቀሙበት ይላሉ። በተጨማሪም ካልከለከላችሁት በቀር በአንድ ዋይፋይ ላይ ያሉ ሌሎች መሣሪያዎችም ሊጠይቁት ይችላሉ፤ መነሻ ገጽ ከሌለ ደግሞ ፎልደሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ዘርዝሮ ያሳያል። ስለዚህ የግል ፎቶ ካለበት ፎልደር ላይ አታስነሡት። ለገጻችሁ ብቻ የሚሆን ባዶ ፎልደር ክፈቱ።

ይኸው ባሕርይ ግን ጥቅምም አለው። ስልካችሁን ሆትስፖት አድርጉና ላፕቶፑን አገናኙ፤ ዳታ ማብራት አያስፈልግም። ከዚያ በስልኩ ብሮውዘር ላይ ላፕቶፑ በዚያ ሆትስፖት ያገኘውን አድራሻና 8000ን ጻፉ። ገጻችሁ ስልክ ላይ ተከፈተች! አንድ ክፍል ተማሪ በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ እንዲህ ሊማር ይችላል።

ኢንተርኔት ሲጠፋ

በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ትምህርቱ በሙሉ ከኦንላይን ቪዲዮ የሚመጣለት ሰው በዚያ ጊዜ ቆሟል። 127.0.0.1 ላይ የሚሠራ ሰርቨር ግን መቋረጡን የሚያውቅበት መንገድ እንኳ የለውም። ቂሊንጦ ባለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅም ሆነ እዚያው አቃቂ ቃሊቲ ያለ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ሁለቱም የሚጀምሩበት ሰርቨር አንድ ዓይነት ነው፤ ዋጋውም ለሁለቱም ዜሮ ነው።

እንግዲህ ቅዳሜያችሁ አላለቀም። ይህን ሞክሩ፦ አንድ ፎልደር ክፈቱ፣ «ሰላም» የሚል አንድ ገጽ ጻፉ፣ ሰርቨሩን አስነሡና ክፈቱት። መጀመሪያ የዩቲኤፍ-8 መስመሩን አስገብታችሁ፣ ቀጥሎ አውጥታችሁ። ጭረት ያለባት «ኤ» ከመጣች ስንት ጊዜ እንደመጣች ቁጠሩ። ሦስት ጊዜ ከሆነ 225ቶቹን በዓይናችሁ አይታችኋል። ከዚያ የሌለ ገጽ ስም ጻፉና ጥቁሩ መስኮት ምን ብሎ እንደሚመልስ ተመልከቱ።